በቀይ ክር የተወሰወሰ መጋረጃ

መጋረጃ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ሜትር» ነው የሚላት። ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅማ! ገበያም ስትወጣ፣ ሠርግም ስትጠራ፣ ሐኪም ቤትም ስትሄድ እዚያው ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሐኪሙ ልቧን ሊያዳምጥ ጎንበስ ሲል የእሱ ማዳመጫና የእሷ ሜትር ተጠላልፈው፣ ሁለቱን ለማላቀቅ ነርስ መጥራት አስፈልጎ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው መስኮት ስትለካ ኖራለች። ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው መስኮቱን ነው፤ የባለቤቱን ፊት የምታየው ጊዜ ከተረፋት ብቻ ነው።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ በስተርጅና የጥበብ ሥራ ማየት አመል የሆነባት። የሚታየው ነገር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፈረስና ተራራ ቢሆን ማንንም ባልገረመ። እሷ የምትሄደው ግን አርባ ወንበር ወደ ባዶ ግድግዳ ዞሮ የተደረደረበት ክፍል ነው፤ አንድ ሰውዬ የመስኮት መስታወት ተሸክሞ በመንገዱ መሐል ቀስ እያለ ሲሄድ ሕዝብ ዝም ብሎ የሚከተልበት ሰፈር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሱቋን ትዘጋለች፣ ጫማዋን ትወለውላለች፣ ትሄዳለች። ወሬ የጠማቸው ጎረቤቶች ባል አግኝታ ነው ብለው ነበር። ምነው በሆነ! እውነተኛውን ምክንያት የምታውቀው ከሱቋ አጠገብ ፎቶ ኮፒ የምታነሳዋ ሴት ብቻ ናት።

ምክንያቱ ልጇ ናት።

ልጇ ብጣሽ ተብላ ነው ያደገችው። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ብጣሽ ጨርቅ በሚከመርበት ጥግ፣ እዚያው ትጫወታለች፣ እዚያው ትበላለች፣ እዚያው ትተኛለች። አልጋ ላይ ቢያስተኟት ዓይኗን አፍጥጣ ጣሪያውን ስታይ ትውላለች እንጂ አትተኛም። የስፌት መኪናው ሲንቀረቀር ካልሰማች እንቅልፍ የሚባል ነገር በአጠገቧ አያልፍም። እናት ታዲያ ከምሳ በኋላ የያዘችው ስፌት ቶሎ ያለቀ እንደሆነ ክሩን ከመርፌው ታወጣና መኪናዋን ባዶዋን ታዞርላት ነበር፤ የልጅቷ ጭብጥ እስኪፈታ ድረስ። ብጣሽ እንቅልፍ ሲወስዳት ግራ እጇ ይከፈታል፤ ነቅታ ከሆነ እንደ ጨበጠች ነው። ይህን ባዶ መኪና የማዞር ነገር እትዬ ሜትር ለማንም ተናግራው አታውቅም። ጨርቅ ሳይኖር መኪና የምታዞር ሰፊ ብትታይ ምን ትባላለች? ጤንነቷ ነው የሚጠረጠረው።

ብጣሽ አድጋ የሥዕል ትምህርት ቤት ገባች። እናት አልከፋትም፤ ልጅ ደስ ያላትን ትማር አለች። የከፋው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ልጅቷ ለጥቂት ቀን ከቤት ስትወጣ፣ እናት ክፍሏን ልጠርግ ብላ አንድ ጆንያ አገኘች። ስትፈታው ሠላሳ ሸሚዝ ነው። ሠላሳውም ስፌታቸው ተተርትሯል። እጅጌው ከትከሻው፣ ኮሌታው ከአንገቱ በሦስት በአራት ክር ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እትዬ ሜትር አንዱን አንስታ አገላበጠችው። «ልጄ ስፌት ልትለማመድ አስባ፣ ጀምራ አቃታት» አለች። እኔን እናቷን አፍራ ደበቀችው አለች። ከዚያማ ምን ይጠየቃል፣ የሰው ሥራ ሁሉ አቁማ ለአራት ቀን ሠላሳውን ሸሚዝ ሰፋች። ቁልፉን አጠበቀች፣ ተኮሰች፣ በመስቀያ ደረደረች።

ብጣሽ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። እናት ምስጋናዋን ለመቀበል ፈገግ ብላ ጠበቀቻት።

«እማ፣ ምን አደረግሽ?»

«ጨረስኩልሽ!»

ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች። ስምንት ወር የፈጀ ሥራዋ ነበር፤ በሳምንቱ ጋለሪ ውስጥ ሊሰቀል ነበር፤ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኗ። እያንዳንዱን ስፌት በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ የፈታችው፣ እንዲያ ተንጠልጥሎ እንዲታይ ብላ ነበር። እናት ይህን ስትሰማ ደነገጠች፤ ድንጋጤዋም ቁጣ ሆኖ ወጣ። «የተቀደደ ጨርቅ ሰቅለሽ ነው አርቲስት የምትባዪው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰፋሁት አንቺ እንድትተረትሪው ነው?» አለቻት። ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ ወዴት ይመለሳል። ብጣሽ ዕቃዋን ሸክፋ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስልክ ትደውላለች፦ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ። በቃ። እትዬ ሜትር ስልኩን ከዘጋች በኋላ «እጄ አመድ አፋሽ!» እያለች እጇን ስታየው ትቆያለች።

ሁለት ወር ያህል ተናደደች። ከዚያ ንዴቱ አለቀና ጥያቄው ብቻውን ቀረ። «ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አላውቅም» አለቻት ለፎቶ ኮፒዋ። «ይቅርታ ልጠይቅ ብል ምን ብዬ ነው የምጠይቀው?»

«እንግዲያው ይማሩዋ፣ እትዬ» አለች ፎቶ ኮፒዋ። በከተማው ያለውን ኤግዚቢሽን፣ ፊልምና ትርኢት በየሳምንቱ የሚዘረዝር አንድ ድረ ገጽ ፈልጋ አገኘችላት። እትዬ ሜትር የስልክ ፊደል ስለማይታያት ድረ ገጹ ሰኞ ሰኞ በወረቀት እየታተመ ይሰጣታል። እሷም ከደንበኞች ትእዛዝ ጎን ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። አንዳንዴ ደግሞ ወረቀቷን ይዛ ትመጣና ጣቷን ከሥሩ የተሰመረበት ቃል ላይ አድርጋ «እስቲ ይህችን ተጫኚልኝ» ትላለች። ፎቶ ኮፒዋም ሳቋን ውጣ ኮምፒውተሩ ላይ ትጫንና ሁለተኛ ወረቀት ታትምላታለች። ድረ ገጽ በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ ሲነበብ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ወንበሮቹ ነበር። አርባ ወንበር፣ ባዶ ግድግዳ። ሊጀመር ነው ብላ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። ሌሎች ሰዎች መጡ፤ እሷ ረጋ ብላ መቀመጧን ሲያዩ እነሱም ተቀመጡ። ምንም አልተጀመረም። ከላይ ካለው ጠባብ መስኮት የሚገባው ብርሃን ብቻ ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ወረደ፤ ነጭ የነበረው ቢጫ፣ ቢጫ የነበረው ግራጫ ሆነ፤ አጠገቧ የተቀመጠው የማታውቀው ሰው ሲተነፍስ ይሰማታል። ስትወጣ ምን እንዳየች አታውቅም። ግን ሠላሳ ዓመት ብርሃን ስትጋርድ ኖራ፣ ብርሃን እንዲህ ቁጭ ብላ አይታው እንደማታውቅ ገባት። የዚያን ቀን በእግሯ ነው ወደ ቤት የተመለሰችው፤ የሄደችበት መንገድ ሁሉ የተኛ ሰው የሚያልመው መንገድ መሰላት።

ከዚያ በኋላ እየለመደችው ሄደች። ያልገባት ይበዛል፤ ያልጣማትም ሞልቷል። አንዱን ኤግዚቢሽን እንዲያውም «ይሄስ ስንፍና ነው» ብላ ነው የወጣችው፣ ለጥበቃው ሳይቀር ነግራው። ግን አንድ ሐሙስ፣ አንድ ትንሽ ጋለሪ ውስጥ፣ ጨለማ ክፍል ገብታ ፊልም አየች። ፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን ትልቅ አንሶላ ታጥፋለች። ሌላ ምንም የለም። ሁለቱን ጫፍ ስትይዝ ሌላው ሁለቱ ይወድቃል፤ ታነሳዋለች፣ ደግሞ ይወድቃል። አርባ ደቂቃ። እትዬ ሜትር አላስችል ብሏት ልትይዝላት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ግማሽ ድረስ ተነስታ ቆመች። ቀስ ብላም ተመልሳ ተቀመጠች። በዚያኛው በኩል የሚይዝላት ሰው ስለሌለ ነው ይህ ሁሉ የሚታየው። ሮጦ የያዘላት ሰው አንሶላውን ቢያጥፍላትም ፊልሙን ይጨርስባታል። ሠላሳው ሸሚዝ የዚያን ጊዜ ዓይኗ ፊት መጥቶ ተንጠለጠለ፣ በሦስት በአራት ክር። ሜትሯን አፏ ውስጥ ከትታ አለቀሰች።

የሙያ ነገር ሆኖ ግን እያለቀሰችም ቢሆን የክፍሉ መጋረጃ ብርሃን እንደሚያስገባ አይታለች። ስትወጣ ረጅም፣ መነጽራም የሆነውን የጋለሪውን ኃላፊ «ልጄ፣ መጋረጃህ አራት ጣት አጥሯል፤ ብርሃን እየገባ ፊልምህን ያደበዝዘዋል» አለችው። ኃላፊው ስልክ ቁጥሯን ተቀበለ። ከጥቂት ወራት በኋላም ደወለ፦ ለአዲስ ሥራ ክፍሉን ከመተላለፊያው የሚለይ፣ ስድስት ሜትር ስፋት ያለው፣ ወፍራም ግራጫ መጋረጃ ይፈልጋል።

ጨርቁን ቆርጣ ልትጀምር ስትል ነው ፎቶ ኮፒዋ የሰኞውን ወረቀት ይዛ እየሮጠች የገባችው። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አድርጋ ሰጠቻት። እትዬ ሜትር መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «እስክተኛ ድረስ። ትርኢት። አርቲስት፦ ብጣሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥሩ እንቅልፍ አልተኛሁም። ለሰባት ቀን፣ ከምሳ በኋላ ለሦስት ሰዓት፣ በእናንተ ፊት ለመተኛት እሞክራለሁ።» ከሥሩ የጋለሪው አድራሻ ነበር፤ ያው የግራጫው መጋረጃ ጋለሪ።

«ብጣሽ ብላ ነው የጻፈችው» አለች እትዬ ሜትር። ያንኑ ደጋግማ አለችው። ልጅቷ ስሙንም ጥላው የሄደች መስሏት ነበር።

መጀመሪያ ሥራውን ልትመልስ አሰበች። የልጇ ሥራ ላይ ዳግመኛ መርፌ እንዳታነሳ ለራሷ ምላለች። ከዚያ ደግሞ መጋረጃውን ሌላ ሰፊ ሲያበላሸው ታያት፤ ይሄንንም አልቻለችም። ሰፋችው። አርቲስቷ በማትኖርበት ጠዋት ሄዳ ሰቀለችው፣ ማን እንደሆነች ለኃላፊው ትንፍሽ ሳትል። ታችኛውን ቅምቅማት ግን አልሰፋችውም፤ ወፍራም ጨርቅ ከተሰቀለ በኋላ በክብደቱ ይወርዳል፣ እስኪረጋ ቀናት ይፈልጋል። ለጊዜው እንዲይዝ በእጇ ወስውሳ ብቻ ተወችው፤ እንደ ልማዷ በቀይ ክር፣ ሁለት ረጅም አንድ አጭር። ትርኢቱ ሲያበቃ መጥታ ልትጨርሰው ነበር ሐሳቧ።

በአምስተኛው ቀን ኃላፊው ደወለ። «እትዬ፣ መጋረጃው ወርዶ መሬት ይጎትታል። ዛሬ አንድ ሽማግሌ አደናቅፏቸው ነበር። መኪናዎን ይዘው ይምጡልኝ።»

«ልጅቷ ትተኛ የለ እንዴ? በመኪና ሊሰፋ?»

«እኔም ያንን ፈርቼ ነበር። አርቲስቷ ግን ውስወሳውን ጎንበስ ብላ አየችውና ‹ሰፊዋ ራሷ ትምጣ፤ እኔ እዚያው እያለሁ ትስፋው› አለች። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።»

እትዬ ሜትር ስልኩን ዘጋች። ብጣሽ ቀዩን ክር አውቃው ነው? አውቃ ከሆነስ የጠራቻት ለምንድን ነው፣ ዳግመኛ ስታበላሽባት ሰው ሁሉ እንዲያይ? መኪናዋን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋ ወጣች።

ክፍሉ ነጭ ነው፤ ከምሳ በኋላ ያለው ብርሃን ሞልቶበታል። መሐሉ ላይ አንድ የብረት አልጋ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ፦ አንደኛ ቀን አልተኛሁም፣ ሁለተኛ ቀን አልተኛሁም፣ ሦስተኛ ቀን አልተኛሁም፣ አራተኛ ቀን አልተኛሁም። አሥራ አምስት ያህል ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ውጦ ያያል። ብጣሽ ወደ መጋረጃው ዞራ በጎኗ ተጋድማለች፤ ዓይኗ ተከድኗል። ከስታለች። ግራ እጇ አገጯ ሥር ተጨብጧል። እናት ጭብጡን ስታየው አወቀች፤ አልተኛችም።

ከአልጋው አራት እርምጃ ርቃ ትራስ ላይ ተቀመጠች። የወረደውን ጨርቅ ከፍ አድርጋ አጠፈችና፣ ድምፅ እንዳታሰማ ብላ በእጇ ልትሰፋ ሞከረች። ጨርቁ ሲታጠፍ ሦስት ድርብ ሆኗል፤ መርፌው ጎበጠ። ሌላ አወጣች፤ ያም ተሰበረ። ኃላፊው ከበሩ ሆኖ በምልክት ወደ መኪናው ጠቆማት። ጥርሷን ነክሳ ነጠላውን ገለጠችው፤ በእጅ የሚዞረው፣ እጀታው የተላገው አሮጌው መኪናዋ ነው። ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስገባችና አዞረች።

ቀር… ቀር… ቀርቀርቀር።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አንዲት ሴት ግን ለባልዋ «ይሄም የሥራው አካል ነው» ስትል ተሰማች፤ ያን ጊዜ ሁሉም በአክብሮት ተመለከታት። አንዱማ ማስታወሻ ያዘ። እትዬ ሜትር በሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን የምታየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከጣቶቿ ሥር የሚያልፈውን ቀይ ክርና ያንን ጭብጥ። አንድ ሜትር ሰፋች፣ ሁለት። ብርሃኑ ከአልጋው እግር ወደ አንሶላው ወጣ። ሦስት ሜትር ላይ ይኼ ክፍል የትኛው ክፍል እንደሆነ ጠፋት፤ የተጋደመችው ልጅ አንዴ ትልቅ፣ አንዴ የአራት ዓመት ትሆንባታለች። አራት ሜትር። ጭብጡ ይፈታል፣ አሁን ይፈታል አለች። አምስት። ስድስተኛው አለቀ፤ ቅምቅማቱ መሬቱን ሳይነካ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ቀዩን ክር ሳበችው፣ ወጣ። ጭብጡ እንደ ነበረ ነው።

በቃ፤ አልሆነም። ጮኽኩባት እንጂ አላስተኛኋትም ብላ አዘነች። መነሳት ነበረባት። እጇ ግን ሳያስፈቅዳት ወደ መርፌው ሄደ። ክሩን አወጣው። ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር ከፍ አደረገው። እጀታውን ያዘና ባዶውን ማዞር ጀመረ።

ጥቂት እንዳዞረች ከአልጋው ላይ በጣም ቀጭን ድምፅ ሰማች። የብጣሽ ከንፈር ነው የተንቀሳቀሰው፤ ዓይኗ አልተገለጠም።

«ክሩ ወጣ» አለች።

እትዬ ሜትር ቀና አለች። እጀታው ግን አልቆመም። አንገቷን ወደ አልጋው አስግጋ «ምን አልሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«ክሩ ሲወጣ ድምፁ ይቀላል። ትንሽ ሆኜም እሰማው ነበር።»

«ያን ጊዜም ታውቂው ነበር እንዴ?»

«አውቀው ነበር፣ እማ። ያንን ነበር የምጠብቀው። ስፌቱ የሰው ነው። ክሩ ሲወጣ ግን የእኔ ነው።»

«ሸሚዞቹን… ያን ጊዜ እኔ…» አለች እናት።

«አዙሪው፣ እማ» አለች ብጣሽ። ድምፅዋ እየራቀ ነበር። «አታቁሚ።»

አዞረች። እንባዋ መኪናው ላይ ሲንጠባጠብ አልጠረገችውም፤ ለመጥረግ እጅ ያስፈልጋል። ከትንሽ ጊዜ በኋላ በብጣሽ አገጭ ሥር የነበረው ጭብጥ መጀመሪያ በትንሿ ጣት፣ ቀጥሎ በሌሎቹ ቀስ እያለ ተፈታ። መዳፉ ወደ ላይ ተገልብጦ አንሶላው ላይ ቀረ። ብጣሽ አፏን ከፈት አድርጋ አንዴ አንኮራፋች፤ ልክ እንደ አባቷ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እርስ በእርሱ ተያየ።

ኃላፊው በጫማው ጫፍ እየተራመደ መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ቀና ብሎ የተጠናቀቀውን ቅምቅማት አየ፤ ጎንበስ ብሎ ክር የሌለውን መርፌ አየ።

«እትዬ» አለ በጆሮዋ፣ «ስፌቱ አላለቀም እንዴ?»

«አልቋል።»

«ታዲያ ምን እየሠሩ ነው?»

«ዝም በል» አለችው፤ እጀታውን ማዞሯን አላቆመችም። «ልጄን እያስተኛሁ ነው።»